ለፊልም የተነፋ ጥሩምባ

«ፕሮዲውሰር ግን ምን ይሠራል?» የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ተዋናዩ ይተውናል፣ ዳይሬክተሩ ይጮኻል፣ ካሜራማኑ ካሜራውን ይሸከማል፤ አንቺስ? እኔ እፈራለሁ። ሥራዬ ይኸው ነው። ሌላው ሰው ተረጋግቶ እንዲሠራ አንድ ሰው የሁሉንም ፍርሃት ይዞ ጥግ ላይ መቆም አለበት። ዝናብ ይመጣ ይሆን? ዋናው ተዋናይ አኩርፎ ይቀር ይሆን? የፈቃዱ ደብዳቤ ላይ ያለው ማኅተም ደብዝዞ ይሆን? እንዲህ እያልኩ በአርባ ዓመቴ ፀጉሬ ሸበተ።

የጀመርኩት በመድረክ ነው። ኮልፌ ውስጥ አንድ የወጣቶች አዳራሽ ነበር፤ ዝናብ ሲጥል የቆርቆሮው ጩኸት የተዋንያኑን ድምፅ ይውጠዋል። የመጀመሪያውን ቴአትሬን እዚያ ሳሳይ፣ እናት በሞተ ልጇ ላይ ተደፍታ በምታለቅስበት ትዕይንት፣ ስልክ ጮኸ። የጮኸው ከሟቹ ኪስ ነው፣ ያውም በጭፈራ ዜማ። ሟቹ ዓይኑን ሳይገልጥ እጁን ቀስ አድርጎ ኪሱ ውስጥ ከተተና አጠፋው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፣ እኔ ከመጋረጃው ጀርባ አለቀስኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ መድረክም ይሁን ቀረጻ፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ቅርጫት ይዤ የሁሉንም ስልክ እሰበስባለሁ። ማንም እንዳያጉረመርም መጀመሪያ የማስገባው የራሴን ነው፣ አጥፍቼ።

ይህንን ልማዴን ያነሳሁት በኋላ ስለሚያስፈልግ ነው።

ከቴአትር ወደ ፊልም ከተሻገርኩ በኋላ አራተኛው ሥራዬ የአንድ ጡረተኛ የአውቶቡስ ሹፌር ታሪክ ነበር። ሰውዬው ይሞትና ልጆቹ በለቅሶው ላይ ይገናኛሉ። ለለቅሶው ትዕይንት ግቢ ያስፈልገናል። ስንት ግቢ ዞርን፤ ባለቤቶቹ «ለቅሶ» የሚለውን ቃል ሲሰሙ በሩን ይዘጉብናል። በደህና ቀን በሩ ላይ የለቅሶ ድንኳን የሚያስተክል ሰው የት ይገኛል? ቀኑ እየደረሰ ሲመጣ የቀረኝ አንድ ቤት ብቻ ነበር፤ ከአስኮ መንገድ ገባ ብሎ ያለው የእናቴ ቤት።

እናቴ ሟርት የምትለውን ነገር እንደ እሳት ትፈራለች። ልጅ ሳለሁ ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቄ ለብሼ ስጫወት አግኝታኝ ጭኔን በቆነጠጠችኝ ጊዜ የቀረው ሰንበር ሳምንት አልጠፋም። ስለዚህ እውነቱን አልነገርኳትም።

«ሠርግ ነው» አልኳት።

«የማን?»

«የፊልም ሠርግ ነው እማዬ። አንቺ እስኪያልቅ አክስቴ ዘንድ ትቆያለሽ።»

«ታዲያ ለምን እሄዳለሁ? ሠርግ እወድ የለ እንዴ!»

አንዱ ውሸት ሌላውን ጎተተ። ጩኸቱ አይስማማሽም፣ ደም ግፊትሽ ይነሳል፣ ሁለት ቀን ብቻ ነው አልኳት። ታላቅ ወንድሜንም፣ አየር ጤና ጋራዥ ያለውን፣ ሠርግ ነው ብዬ ዋሸሁት፤ ለእናቴ ይነግራታል ብዬ ስለፈራሁ። እናቴ መድኃኒቷን በፌስታል ቋጥራ ቤቴል ታናሽ እህቷ ዘንድ ሄደች። መኪና ውስጥ ስትገባ «ሙሽሪትን አሳምሯት» አለችኝ። በሩን ዘጋሁላት፤ መኪናው ሄደ።

የሰፈሩ እድር ድንኳኑን ሰጠን። ዳይሬክተሩ ለጥሩምባ ነፊነት ያመጣው ወጣት ተዋናይ ግን ስታዲየም የገባ ደጋፊ ይመስል ጥሩምባውን ሲያንባርቀው ተናደድኩ። «ተወው፣ እውነተኛውን አመጣልሃለሁ» አልኩት ዳይሬክተሩን። ይቺ አፌ! የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየማለዳው ሞትን ለሰፈሩ ሲያሰሙ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ጥሩምባቸውን ሁለቴ ነፍተው፣ ማን እንዳረፈና ቀብሩ መቼ እንደሆነ በረጅም ድምፅ ይናገራሉ፤ ያንን ድምፅ ሰምቶ ከአልጋው የማይነሳ የለም። የእድሩ ሊቀመንበር የተስማሙት ሰፈርተኛው አስቀድሞ ከተነገረው ብቻ ነበር። እኔም በእድሩ ቢሮ በርና በሁለት ሱቆች ላይ ማስታወቂያ ለጠፍኩ። እኛ ሰፈር ማስታወቂያ የሚነበበው ውሃ የሚጠፋበትን ቀን የሚናገር ከሆነ ነው፤ ይህን ማወቅ ነበረብኝ።

በቀረጻው ቀን ጎህ ሲቀድ ተሰበሰብን። ድንኳኑ በእናቴ በር ላይ ቆሟል። ብርሃኑ አይጠብቅም። ቅርጫቱን አዞርኩ፣ ስልኬን አጥፍቼ አስገባሁ። ሽማግሌው ሦስት ጊዜ ነፉ፣ ሦስት ጊዜም በድርሰቱ ያለውን የሟቹን ሹፌር ስም በትክክል ጠሩ። ዳይሬክተሩን አልጣመውም።

«አባባ፣ እየተወኑብን ነው» አላቸው። «እኛን ይርሱን። ልክ እንደ ዘወትርዎ ያድርጉት።»

ራሳቸውን ነቀነቁና ቁልቁል ሄዱ። መዞሪያውን አለፉ። ካሜራው አያያቸውም፣ ዳይሬክተሩ ግን ድምፁ እየራቀ ሲሄድ ደስ ብሎት በእጁ ዝም በሉ አለን። ከመዞሪያው ወዲያ ጥሩምባው ሁለቴ ተሰማ፣ ቀጥሎ የማይለይ የሰው ድምፅ። «ይበቃል፣ ግሩም ነው!» አለ። አጨበጨብን። ሽማግሌው የተመለሱት ቆየት ብለው ነው፤ እንደ ዘወትራቸው እስከ ወፍጮ ቤቱ ድረስ ዞረው ነበር።

ሁለት ሰዓት ላይ የድንኳኑን ትዕይንት ጀመርን። እኔ ጓዳ ውስጥ ሞኒተሩ ፊት ተቀምጫለሁ። ለአልቃሽነት የቀጠርናቸው ሃያ ሰዎች ነበሩ፤ ሞኒተሩ ላይ ግን እየበዙ ሄዱ። አስተባባሪው ጨምሮ አምጥቷል ብዬ ደስ አለኝ። ከመሃላቸው አጥር ተጋፋሽኝ በሚል ከእናቴ ጋር ስድስት ዓመት ሰላም የማትባባለውን ጎረቤታችንን አየኋት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ደረቷን እየደቃች፣ እንባዋ ካገጯ ላይ ይንጠባጠባል። በፊልም ለመታየት ስትል እንዲህ የምትሆን ሴት ናት ብዬ በሆዴ ሳቅሁባት። ዛሬ ለቅሶ ሁሉ በቪዲዮ ስለሚቀረጽ፣ ካሜራችን ከገቡት ሰዎች አንዱን እንኳ አላስደነቀም።

«ይቺን ከየት አመጣሻት?» አለኝ ዳይሬክተሩ በሹክሹክታ።

«ሰፈራችን ሞልቷል» ብዬ ተኩራራሁ።

ለእረፍት ስንቆም ስልኬን ከቅርጫቱ አውጥቼ አበራሁት። የተደወሉልኝ ጥሪዎች ስክሪኑን ሞልተውታል። ወንድሜ፣ አክስቴ፣ የእናቴ የማኅበር ጓደኞች፣ እንደገና አክስቴ። ሳልጨርስ ወንድሜ ደወለ።

«የት ነሽ?»

«ቀረጻ ላይ ነኛ።»

«አጠገብሽ ሰው አለ?»

«ሃምሳ ሰው አለ። ምነው?»

«ምንም። ምንም የለም። ቁርስ በልተሻል?»

ክው አልኩ። አባቴ የሞተ ቀን ልምምድ ላይ ሳለሁ አጎቴ መጥቶ ነበር። ምግብ ቤት ወሰደኝ፣ ፍርፍር አዘዘልኝ፣ የመጨረሻዋን ጉርሻ እስክውጥ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ጠበቀኝ። ከዚያ ነገረኝ። እኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም፣ በባዶ ሆድም አይነገርም። ወንድሜ ለሃያ ዓመት ቁርስ መብላቴን ጠይቆኝ አያውቅም።

«ማን ነው?» አልኩት። «እውነቱን ንገረኝ፣ ማን ነው?»

«ብይ ብቻ፤ እየመጣሁ ነው» ብሎ ዘጋው።

ለእናቴ ደወልኩ። ስልኩ ከጀርባዬ ጮኸ። መኝታ ቤት ገብቼ የአልባሳቱን ክምር ስገለብጥ፣ ራስጌዋ ባለው ኮመዲኖ ላይ ቻርጅ እንዳደረገችው ረስታው ሄዳለች። አክስቴ ዘንድ ደወልኩ፤ አይነሳም። እንደገና ደወልኩ፤ አይነሳም። ከጓዳው ልወጣ ስል ያቺ ጎረቤት በሩ ላይ ጥምጥም አለችብኝ።

«ልጄን! ሳንታረቅ! ሳንታረቅ ሄደችብኝ እኮ!»

«ማን?»

«እናትሽ ናታ!»

«ማን ነገረዎት?» እያልኩ ትከሻዋን ስንጥ ራሴን አገኘሁት።

«ጥሩምባው ነዋ! በስሟ ጠሯት፣ በጆሮዬ ሰማሁ።»

ሽማግሌው ድንኳኑ ጥግ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። ፊታቸው በርከክ አልኩ። «አባባ፣ ከመዞሪያው ወዲያ ማን አረፈ ብለው ነው የተናገሩት?» ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ መንገዱን በሐሳባቸው እንደገና የሚሄዱት ይመስላል። ከዚያ ብርጭቆውን መሬት አስቀመጡና እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ድንኳኑ እናንተ በር ላይ ነው የቆመው» አሉኝ። «ሠላሳ ዓመት ድንኳን የቆመበትን ቤት ነው የምጠራው። ዳይሬክተሩ ይርሱን ሲለኝ ረሳኋችሁ። አፌ ለምዶ… ልጄ፣ አፌ ለምዶ ነው።»

ነፍሴ መለስ አለች። አልሞተችም! የገደልናት እኛ ነን። ግን ደስታዬ ከድንኳኑ እስክወጣ እንኳ አልቆየም። ሰፈሩ በሙሉ ሞታለች ብሎ ካመነ፣ ለአክስቴ የሚደውል አይጠፋም። አክስቴ ለምን አታነሳም? ደም ግፊት ያለባት አሮጊት የራሷን መርዶ ስትሰማ ምን ትሆናለች? ወይስ ሌላ ነገር ሰምታለች?

የቀረጻውን ሚኒባስ ሹፌር ቤቴል አልኩት። ለወንድሜ ደውዬ «እማዬ አልሞተችም፣ ስህተት ነው፣ ጥሩምባው ለፊልም ነው» ስለው፣ «እሺ፣ እሺ የኔ እናት፣ ተረጋጊ» አለኝ። አላመነኝም። በሐዘን የቀባዠርኩ መስሎታል።

አየር ጤና መንገዱ ተዘጋግቶ ታክሲዎቹ እንደ አጥር ቆመዋል። ፍርሃት ሙያዬ ነው ብያለሁ፤ ያን ቀን የሙያውን ጫፍ አየሁት። እግዚአብሔርን ለመንኩ፤ ሟርት ያለችውን ሁሉ ላከብር፣ ሁለተኛ ላልዋሻት። በዚህ መሃል ጭንቅላቴ ውስጥ አንድ ሐሳብ ገባ። ብትሞትስ? ድንኳኑ ተተክሏል፣ ሰው መጥቷል፣ ጥሩምባው ተነፍቷል፣ ወንበሩ አለ። የቀረ ነገር የለም። ይህን ያሰበው የፕሮዲውሰር ጭንቅላቴ ነው፤ ሳልፈልግ፣ በልማዱ፣ ዝግጅቱን ቆጠረ። ጥፊ ቢጤ ራሴን መታሁ። ሹፌሩ በመስታወቱ አየኝ።

የአክስቴ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ደጃፉ ላይ ብዙ ጫማ አለ። ቤት ውስጥ ሰው ሞልቷል፣ ግን የሚያወራ የለም። ገፍቼ ገባሁ።

እናቴ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ነጠላዋ ተዘቅዝቋል። ከጎኗ ከክሊኒክ የመጣች ነርስ ተንበርክካ ደም ግፊቷን ትለካለች። አክስቴ እኔን ስታይ እሪ ብላ ጮኸች፤ የተቀመጡት ሴቶች በሙሉ ብድግ አሉ። ያኔም ነገሩ አልገባኝም። የገባኝ እናቴ ቀና ብላ ያየችኝ ጊዜ ነው። በሕይወቴ እንደዚያ አይታኝ አታውቅም።

ያለቀሰችው ለእኔ ነበር።

በኋላ አክስቴ አስረዳችኝ። ከሰፈራችን የሚደውሉት ሁሉ ማን እንደሞተ አልነገሯትም። «አጠገብሽ ማን አለ? ቁርስ በላሽ? በእህትሽ ቤት ድንኳን ተተክሏል፣ እኛ እንመጣለን» ብቻ ነው ያሏት። ለቤቴል ጎረቤቶቿም ደውለው ሄዳችሁ አብራችኋት ተቀመጡ አሏቸው። አክስቴ ዞር ስትል እህቷ ፊት ለፊቷ ሻይ ትጠጣለች። ታዲያ በእህቷ ቤት የሞተው ማን ነው? እዚያ ቤት ያለሁት እኔ ነኝ። ለእኔ ደወሉ፤ ስልኬ ጠፍቷል። ደጋግመው ደወሉ፤ ጠፍቷል። በቅርጫት ውስጥ፣ በገዛ እጄ። ከዚያ በኋላ ስልክ ሲጮህ አክስቴ ማን እንደደወለ እንኳ ሳታይ ማንሳት ፈራች።

እናቴ አልተነሳችም። ፊቴንም አልነካችም። በሁለት እጇ ቁርጭምጭሚቴን ያዘችና ግንባሯን እግሬ ላይ አሳረፈች። ትንፋሿ በካልሲዬ ውስጥ ይሰማኝ ነበር። «እማዬ፣ ደህና ነኝ» ስል የባሰ አጥብቃ ያዘችኝ። ነርሷ ግፊቷ እጅግ ከፍ ብሏልና ቶሎ እንሂድ አለች። ከእግሬ ላይ እጇን ማስለቀቅ ስላቃተን እኔም ቁጭ አልኩ፤ መድኃኒቷን መሬት ላይ እንደተቀመጥን አጠጣናት።

ክሊኒኩ እስከ ከሰዓት አቆያት። የግፊቷ ቁጥር እየወረደ ሳለ በእያንዳንዱ ልኬት ፊት እንደ ተፈታኝ ተማሪ ቆምኩ። ወንድሜ መጣ፤ እናታችንን አልጋ ላይ ተቀምጣ ሲያያት እንደ ሕፃን ተንሰቅስቆ አለቀሰ፣ ቀጥሎ ደግሞ ኮሪደሩ ላይ ያወረደብኝን ስድብ አልጽፈውም። ይገባኝ ነበር።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ ሁሉንም ነገርኳት። ሠርግ አለመሆኑን፣ ድንኳኑን፣ ሽማግሌውን። ትጮኽብኛለች ብዬ ጠበቅሁ። በመስኮቱ ውጭ ውጭውን እያየች፣

«ታዲያ የተጠራው የእኔ ስም ነዋ?» አለች።

«አዎ።»

«ምነው ያንን ቢነግሩኝ ኖሮ! ለእኔ መሆኑን ባውቅ ምን ያስፈራኝ ነበር?»

ሹፌሩ ሬዲዮውን ዘጋው።

ድንኳኑ ሲነቀል አየች። ከዚያ የሆነውን እንደ ትዕይንት ባዘጋጀው ኖሮ ተመልካች አያምነኝም። እድሩ ሞት የሚያስነግርበት መንገድ አለው፤ አለመሞትን የሚያስነግርበት ግን የለውም። ስለዚህ በማግስቱ እናቴ የጥምቀት ቀሚሷን ለብሳ፣ ከበራችን እስከ ወፍጮ ቤቱ በእግሯ ሄደች። እኔ ከኋላዋ። በየበሩ ሰው እየወጣ እያገላበጠ ይስማታል፤ አንዳንዱ ያለቅሳል፣ አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዲት ሴት ፈርታ በሩን ዘጋችብን። አጥር የተጋፋችው ጎረቤት በሯ ላይ ቆማ ነበር። እናቴ ቆም አለችና «አልቅሰሽልኛል አሉ» አለቻት። ተቃቅፈው ብዙ ቆዩ። ሽማግሌው ጥሩምባ ነፊ ይቅርታ ሊጠይቁ ቆባቸውን አውልቀው ሲመጡ፣ «ለመሆኑ ወይዘሮ ብለው ነው የጠሩኝ?» አለቻቸው። ወይዘሮ ማለታቸውን ምለው ነገሯት።

ፊልሙን ልጥለው ነበር። ዳይሬክተሩ ለመነኝ፣ ጎረቤታችንም «ያ ሁሉ እንባዬ ሊጣል ነው?» ብላ ተቆጣች። በመጨረሻ ትዕይንቱን ባለበት ተውኩት፤ የጥሩምባውን ድምፅ ግን እኔ ራሴ ኤዲቲንግ ክፍል ገብቼ አስወጣሁት። ሽማግሌው ይነፋሉ፣ ጉንጫቸው ይነፋል፣ ድምፅ የለም። ያዩ ሰዎች ትልቅ ጥበብ ነው ይሉኛል። አላስተባብልም።

አሁንም ቀረጻ ላይ ቅርጫት አዞራለሁ፤ የእኔ ስልክ ግን አይገባም። ያጉረመርማሉ፣ ያጉረምርሙ።

ፊልሙ የተመረቀ ዕለት እናቴን ከጎኔ አስቀመጥኳት። ሌላ ጊዜ በምረቃ ቀን ፊልሙን አላይም፤ ማን ተነስቶ ወጣ፣ ማን አዛጋ እያልኩ በፍርሃት የሰው ፊት ሳይ ነው የማመሸው። ያን ዕለት ግን የማየው እሷን ብቻ ነበር። ሽማግሌው ስክሪኑ ላይ ታዩ፣ ጥሩምባቸውን አነሱ፣ አዳራሹ ጸጥ አለ። እናቴ በጨለማው ውስጥ እጇን ዘርግታ የእጄን አንጓ ያዘች።

«አንቺ የሞትሽብኝ እዚህ ጋ ነው» አለችኝ በጆሮዬ።

ፊልሙ አልቆ መብራቱ እስኪበራ ድረስ እጄን አለቀቀችውም።